ደም የማይደርስበት ቁስል እንዴት ይድናል?

ሽንኩርት ሲከተፍ ጣት በቢላ ቢቆረጥ ቀድሞ የሚታየው ደም ነው። ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋና ቁስሉን ይደፍናል። በሰዓታት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ደርሰው የሞተውን ሥጋና የገባውን ጀርም ይጠርጋሉ። በቀናት ውስጥ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ እነሱን ተከትለው ኮላጅን የተባለውን የሥጋ ማያያዣ ክር የሚሠሩ ሕዋሳት ይመጣሉ። በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ቁስሉ ይገጥማል። ስለ ቁስል መዳን በተለምዶ የምናስበው ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ የቆመ ነው፤ መነሻው ደግሞ ደም ነው።

ሰውነታችን ውስጥ ግን ቢቆረጡ የማይደሙ ክፍሎች አሉ። የዓይን የፊት መስተዋት የሆነችው ኮርኒያ አትደማም። ከኋላዋ ያለው ሌንስ፣ መገጣጠሚያ ላይ የአጥንትን ጫፍ የሚለብሰው ካርቲሌጅ፣ ሜኒስከስ የተባለው የጉልበት ትራስ የውስጥ ጠርዝ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክም እንዲሁ። እነዚህ ሲጎዱ የሚፈስና የሚረጋ ደም የለም፤ ጠራጊ ሕዋስም በደም ተሳፍሮ አይመጣም። በዚህ ምክንያት አንዱ «ደም የሌለው አይድንም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሌላው «ደም ይድረሰው» እያለ ያሻል፣ ያስወጋል። ሁለቱም ያስከፍላሉ። እነዚህ ክፍሎች ደምን የሚተካ የየራሳቸው የምግብ መንገድ አላቸው። ሲጎዱ የሚድኑት መንገዱ ክፍት ሆኖ ሲቆይላቸው ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ትንሽ ጉዳት ትልቅ ይሆናል።

ደም ለምን ቀረባቸው?

ኦክስጅን ከቀጭን የደም ሥር ወጥቶ በሥጋ ውስጥ ሊጓዝ የሚችለው ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የጡንቻም ሆነ የጉበት ሕዋስ ከደም ሥር ከዚህ አይርቅም። የጉልበት ካርቲሌጅ ግን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። በአዋቂ ሰው የወገብ ዲስክ መሃል ያለ ሕዋስ ደግሞ ከቅርቡ የደም ሥር እስከ 7 እና 8 ሚሊ ሜትር ይርቃል። እዚያ ሕይወት የሚቀጥለው ሕዋሳቱ ጥቂት ስለሆኑና በዝግታ ስለሚሠሩ ነው። ካርቲሌጅ ውስጥ ሕዋሳት ከጠቅላላው ይዘት 5 በመቶ እንኳ አይበልጡም፤ ጉልበታቸውንም በአብዛኛው የሚያገኙት ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን በመሰባበር ነው።

ይህ የተፈጥሮ ስህተት እንዳይመስለን። ኮርኒያ ውስጥ የደም ሥር ቢያልፍ ብርሃን ይበተናል፣ እይታ ይደበዝዛል። ጉልበት ደግሞ ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነታችንን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሸከማል፤ ካርቲሌጁ የደም ሥር ቢኖረው ይጨፈለቅ ነበር። ሁለቱም የደም ሥር እንዳይበቅልባቸው በንቃት ይከላከላሉ። ኮርኒያ የደም ሥርን እንዲበቅል የሚቀሰቅሰውን ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን አጥምዶ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ታመርታለች፤ ይህ አጥማጅ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የታየው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። መከላከያው ሲሸነፍ የሚመጣው ፈውስ አይደለም። ኮርኒያ ውስጥ የደም ሥር ሲገባ ዓይን ይጋረዳል፤ የመገጣጠሚያ ካርቲሌጅ ውስጥ ሲገባ ካርቲሌጁ እየተበላ በአጥንት ይተካል።

ኮርኒያ፦ በእንባና በአየር የምትኖር

ኮርኒያ መሃሏ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ትወፍራለች፤ ስፋቷ 11 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ነው። ኦክስጅኗን የምታገኘው ከአየር ነው፤ አየሩ እንባ ውስጥ ሟሙቶ ይገባል። ስንተኛ ከዓይን ቆብ የውስጥ ገጽ ትወስዳለች። ግሉኮሷን ከኋላዋ ካለው የዓይን ፈሳሽ ትጠጣለች። የነርቭ ጫፎቿ ብዛት ከቆዳ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትልቁን ሰው የምታስለቅሰው ለዚህ ነው።

የላይኛው ሽፋኗ ከ5 እስከ 7 ድርብ ሕዋሳት ሲሆን በ7 እና 10 ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። የአዳዲሶቹ ሕዋሳት ምንጭ የዓይን ነጩና ጥቁሩ በሚገናኙበት ቀለበት ላይ ያሉት ግንድ ሕዋሳት ናቸው። ሕፃን በጥፍሩ የእናቱን ዓይን ቢቧጥጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ፍሎረሲን የተባለ ብርቱካናማ ቀለም በወረቀት ጫፍ ነክቶ ሰማያዊ መብራት ሲያበራ፣ የተላጠው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል፤ ዳር ዳሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ 4 እና 6 ሰዓታት ምንም የሚለወጥ አይመስልም። በዚያ ጊዜ ግን ጠርዝ ላይ ያሉት ሕዋሳት ከሥራቸው የያዛቸውን መልህቅ እየፈቱ፣ እየተጠፈጠፉ ነው። ከዚያ ተያይዘው እንደ ምንጣፍ በሰዓት 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ይንሸራተታሉ። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የተላጠ ቦታ ከየአቅጣጫው ተጉዘው እስኪገናኙበት አንድ ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። ቀላል ጭረት ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ የሚሽረው በዚህ ስሌት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ አንዲት ጠብታ ደም ነው።

ይሁንና መሸፈንና መጣበቅ ይለያያሉ። አዲሱ ሽፋን ሥር ሰዶ ከታችኛው ንጣፍ ጋር በደንብ እስኪያያዝ ሳምንታት፣ ንጣፉ ራሱ ከተጎዳ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል። በመካከሉ ሌሊት የዓይን ቆብ ደርቆ ሽፋኑ ላይ ይለጠፍና፣ ጠዋት ዓይን ሲገለጥ ይዞት ይነሳል። «ድኖልኝ ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ስነቃ በድንገት ወጋኝ» የሚል ታካሚ የሚገልጸው ይህንኑ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚታዘዘው በመኝታ ሰዓት የሚቀባ ቅባት፣ ወይም ውሃውን ከሽፋኑ የሚስብ 5 በመቶ የጨው ቅባት ነው፤ ለወራት መቀጠል አለበት። ሕመሙ ሲቆም ማቋረጥ እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመልሳል።

ዓይንን በፋሻ ማሰር ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር። ጥናቶች ሲሰበሰቡ ግን ቀላል ጭረትን ማሰር ሕመም አይቀንስም፣ መዳንንም አያፋጥንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮርኒያ የምትተነፍሰው አየር ነው። የአንቲባዮቲክ ቅባት (በየጤና ጣቢያው ያለው 1 በመቶ ቴትራሳይክሊን ለዚህ ይሆናል) ከኢንፌክሽን ይጠብቃል፣ ያለሰልሳልም። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ግን ዓይኑን ቢያመው ሌንሱን ወዲያው አውጥቶ በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ ሌንስ ላይ የሚያድረው ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ኮርኒያን በ1 እና 2 ቀን ውስጥ ሊያቀልጣት ይችላል።

ሁለት ጠብታዎች ላይ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ያለ ማዘዣ ይገኛሉ፣ ሁለቱም ደስ የሚል እፎይታ ይሰጣሉ። አንዱ ማደንዘዣ ነው፤ ቴትራካይን። ሐኪም ለምርመራ አንዴ ያንጠባጥበዋል። ወደ ቤት ተወስዶ በቀን ደጋግሞ ሲደረግ የነርቭ ጫፎቹን ያደነዝዛል፣ የሚንሸራተቱትንም ሕዋሳት ይመርዛል፤ ቁስሉ እየሰፋ ይሄዳል፣ ሕመሙ ስለሌለ ግን ሰውየው አይሰማውም። ሌላው ዴክሳሜታዞን ያለበት ስቴሮይድ ጠብታ ነው። ቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል። ቁስሉ የሄርፒስ ቫይረስ ወይም የፈንገስ ከሆነ ደግሞ መከላከያውን አጥፍቶ ለጀርሙ ሜዳውን ይለቅለታል። አውድማ ላይ ገለባ ወይም ቅርንጫፍ ዓይኑን የወጋው ገበሬ በተለይ ፈንገስ ሊይዘው ይችላል። የፈንገስ ቁስል ዳሩ እንደ ላባ የተበተነ ነጭ ሆኖ በቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰፋል፤ ሕክምናው 5 በመቶ ናታማይሲን ሲሆን መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም ይደረጋል። ጠብታው በየሰዓቱ የሚሆንበትም ምክንያት ያው ነው፤ ኮርኒያ ደም ስለሌላት የተዋጠ መድኃኒት በበቂ መጠን አይደርሳትም፣ ከላይ ማጠጣት ግድ ነው።

ጉዳቱ ከላይኛው ሽፋን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ንጣፍና ወደ መሃሉ ውፍረት ከገባ ታሪኩ ይለወጣል። የመሃሉ ክፍል ብርሃን የሚያሳልፈው የኮላጅን ክሮቹ በእኩል ርቀት ስለተደረደሩ ነው። ሲጎዳ ሕዋሳቱ ወደ ጠባሳ ሠሪነት ተለውጠው ክሮቹን ዝም ብለው ይደርባሉ፤ ቁስሉ ይዘጋል፣ ነጭ ጠባሳ ይቀራል። ጥገናውም እጅግ አዝጋሚ ነው። የፊት ቆዳ ስፌት በ5 ቀን ገደማ ይወጣል። ሙሉ ውፍረት የኮርኒያ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ስፌት ግን (ብዙ ጊዜ 16 ነጠላ ስፌት፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ናይለን) አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ከዓመታት በኋላ እንኳ ጠንካራ ምት ዓይኑ ላይ ቢያርፍ መስመሩ ሊከፈት ስለሚችል መከላከያ መነጽር የዕድሜ ልክ ነገር ነው።

ከውስጥ በኩል ያለው የመጨረሻው ንጣፍ ደግሞ አንድ ድርብ ሕዋስ ብቻ ነው። ሥራው ውሃን ከኮርኒያ ወደ ውጭ መቅዳት ነው። በአዋቂ ሰው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ከ2,500 እስከ 3,000 ይሆናሉ፤ እነዚህ ሕዋሳት በሰው ልጅ ላይ አይራቡም፣ የሞተውን ጎረቤቱ ተለጥጦ ይሸፍንለታል እንጂ። ቁጥራቸው ወደ 500 ሲወርድ ኮርኒያ ውሃ ትሞላና ትጎረብጣለች። እዚህ ላይ ራስን በራስ መጠገን የለም። በጃፓን ኪዮቶ እነዚህን ሕዋሳት በላብራቶሪ አራብቶ በመርፌ ወደ ዓይን የመስጠት ሕክምና በ11 ታካሚዎች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፤ በ2023 ደግሞ የአገሪቱ ፈቃድ አግኝቷል።

በኢትዮጵያ ኮርኒያን ከሚያጠፉት መካከል ትራኮማ ግንባር ቀደም ነው፤ አገሪቱ በዓለም ትልቁን የትራኮማ ጫና የተሸከመች ናት። ባክቴሪያው ራሱ የሚኖረው በዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ነው። ለዓመታት ሲመላለስ የላይኛው ቆብ ጠባሳ ያወጣል፣ ይሸበሸባል፣ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ርግብግቢት ፀጉሩ ኮርኒያን ይፍቃታል፤ በቀን በሺዎች ጊዜ። ላይኛው ሽፋን አንድ ቀን ተኩል ሲለምን የዕረፍት ደቂቃ እንኳ አያገኝም። ብዙ እናቶች አንገታቸው ላይ ባሰሩት ወረንጦ ፀጉሩን ይነቅላሉ። እፎይታው እውነተኛ ነው፤ መካከሉ ላይ የተሰበረ ፀጉር ግን ጉቶው የበለጠ ይቧጥጣል። ዋናው መፍትሔ ቆቡን ወደ ውጭ የሚያዞረው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። በአማራ ክልል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ወደ ውስጥ የዞሩት ፀጉሮች ከ6 ካነሱና ሰውየው ቀዶ ሕክምና ካልፈለገ፣ በጥሩ ወረንጦ በትክክል መንቀልን ከተማረ እይታውና ኮርኒያው ከቀዶ ሕክምናው ጋር ሲነጻጸር የባሰ አልሆነም። ቆቡ ሳይስተካከል ንቅለ ተከላ ማድረግ ግን አዲሷን ኮርኒያ ለዚያው መፋቂያ መስጠት ነው።

የቫይታሚን ኤ እጥረትም እዚህ ጋ ይገባል። ቫይታሚኑ ሲጎድል የእንባው ንብርብር ይበላሻል፣ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ኮርኒያ በቀናት ውስጥ ልትቀልጥ ትችላለች፤ በተለይ ከኩፍኝ በኋላ። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን 100,000 ዩኒት፣ ከ12 እስከ 59 ወር ያለ 200,000 ዩኒት በየ6 ወሩ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ዓይኑ አስቀድሞ ከደረቀ ግን ቀጣዩን ዘመቻ መጠበቅ አይገባም፤ የዕድሜው መጠን በዚያው ቀን፣ በማግስቱና ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሰጣል።

ግንባታ በበዛበት ከተማ ደግሞ ሲሚንቶና ኖራ አሉ። አልካሊ ከአሲድ ይከፋል፤ አሲድ የነካውን ፕሮቲን አድርቆ ራሱን ያግዳል፣ አልካሊ ግን ስቡን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ኖራ ዓይን ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ሐኪም እዚያው ሳይቱ ላይ ያለው የውሃ ቱቦ ነው። ቆቡን በጣት ገልጦ ይዞ፣ የተጎዳውን ዓይን ወደ ታች አዘንብሎ፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፤ የላይኛውን ቆብ ገልብጦ የተደበቀውን የኖራ ቅንጣት በእርጥብ ጥጥ ማውጣት። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ «ያከሽፈዋል» ብሎ መጨመር ሁለተኛ ቃጠሎ ነው። ሆስፒታል መሮጥ ከማጠብ በኋላ ይደርሳል። ኖራው ዙሪያውን ያሉትን ግንድ ሕዋሳት ካቃጠለ ሽፋኑን የሚተካ ይጠፋል፤ በዚያ ክፍተት ከነጩ የዓይን ክፍል የሚመጣ ቆዳና የደም ሥር ኮርኒያን ይወርሳታል። ቁስሉ ተዘግቷል፣ ሰውየው ግን አያይም።

ጉልበት፦ በመርገጥና በማንሳት የሚበላ

ቅልጥም የጋጠ ሰው ካርቲሌጅን ያውቀዋል፤ አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው ነጭ፣ የሚያንጸባርቅ፣ ጥርስ ላይ የሚንሸራተት ልባስ ነው። አብዛኛው ይዘቱ ውሃ ነው። የሚበላው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲሆን ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አሠራሩ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ሲረገጥ ውሃውን ከነቆሻሻው ይተፋል፣ ሲነሳ ከነምግቡ ይጠጣል። ለወራት በጄሶ የታሰረ ጉልበት ካርቲሌጁ የሚሳሳው ስለዚህ ነው። ጉልበቱን ያመመውን ሰው «አትንቀሳቀስ፣ ተኛ» ማለት ካርቲሌጁን ማስራብ ነው።

የስኮትላንዱ ተወላጅ ሐኪም ዊልያም ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1743 አንዴ የጠፋ ካርቲሌጅ እንደማይመለስ ጽፎ ነበር። ዛሬም በመሠረቱ ትክክል ነው። የሚገርመው ግን ትንሹ ጉዳት ከትልቁ ይልቅ አለመዳኑ ነው። ስንጥቁ ካርቲሌጁ ውስጥ ብቻ ከቀረ ደም የለም፣ የሚጠግን ሕዋስ አይመጣም፤ ለዓመታት እንዳለ ይቀመጣል ወይም ቀስ እያለ ይሰፋል። ከሥሩ ያለውን አጥንት ከነካ ግን መቅኔው ይደማል፣ ደሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይረጋል፣ ከመቅኔው የመጡ ሕዋሳት ይሞሉታል። የሚሞሉት ግን እንደ ጠባሳ ባለ ክራም ካርቲሌጅ ነው፤ ጫናን እንደ መጀመሪያው አይችልም።

ቀዶ ሐኪሞች ይህንኑ ሆን ብለው ያደርጉታል። ጉድጓዱን እስከ ጤነኛ ዳሩ አጽድተው፣ አጥንቱን በሹል መሣሪያ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር እያራራቁ፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበሱታል። ደሙ ሲወጣ በዓይን ታይቶ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በክራንች መሄድ፣ እግሩን መሬት ማስነካት እንጂ ክብደት አለመጣል፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ ጉልበቱን በየቀኑ ለሰዓታት በቀስታ ማጠፍና መዘርጋት ነው። የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው፦ ሕመሙ በሦስተኛው ሳምንት ስለሚጠፋ ሰውየው ክራንቹን ይጥላል፣ የረጋው ደም ከጉድጓዱ ይወጣል። በደንብ የተያዘውም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውጤቱ ይዳከማል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው ሌላው መንገድ የታካሚውን የራሱን የካርቲሌጅ ሕዋሳት ወስዶ በላብራቶሪ ለሳምንታት ማራባትና በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መመለስ ነው፤ የተሻለ ካርቲሌጅ ይሰጣል፣ ዋጋው ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው።

ካርቲሌጅ ነርቭም የለውም። ጉልበት ሲያም የሚያመው አጥንቱ፣ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢትና ጅማቱ ነው፤ ማለትም ሕመሙ የሚደርሰው ካርቲሌጁ ከተጎዳ ከቆየ በኋላ ነው። መርፌ የሚሸጠው በዚህ ሰዓት ነው። ስቴሮይድ ጉልበት ውስጥ ሲወጋ ለሳምንታት ያስታግሳል። በአሜሪካ ጥናት 140 ታካሚዎች በየ12 ሳምንቱ ለሁለት ዓመት ግማሾቹ ትሪያምሲኖሎን የተባለውን ስቴሮይድ 40 ሚሊ ግራም፣ ግማሾቹ ጨው ውሃ ተወጉ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም ሕመሙ ላይ ልዩነት አልታየም፣ ስቴሮይድ የወሰዱት ግን ካርቲሌጃቸው የበለጠ ሳስቶ ነበር። ከራስ ደም ተጣርቶ የሚወጋው ፒአርፒ ደግሞ አሁን በየከተማው «ካርቲሌጅ ያበቅላል» እየተባለ ይተዋወቃል። በአውስትራሊያ 288 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ከዓመት በኋላ በሕመምም በካርቲሌጅ መጠንም ከጨው ውሃ የተለየ አላገኘበትም። ለዚያ የሚከፈለውን ገንዘብ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ ላይ ማዋል ይሻላል ብለን በግልጽ እንናገራለን። ክብደትም አለ፤ አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል።

ኳስ ተጫዋቾችን የሚያሳስበው ሜኒስከስ ደግሞ ሁለቱን ዓለም በአንድ አካል ይዟል። ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው ይህ ትራስ የውጭ ጠርዙ፣ ከስፋቱ ሩብ ያህሉ፣ ደም አለው፤ ሐኪሞች ቀይ ቀጣና ይሉታል። ውስጡ ነጭ ቀጣና ነው። ቀዩ ላይ የተቀደደ ሜኒስከስ ቢሰፋ ይድናል። ነጩ ላይ የተቀደደ ብዙ ጊዜ አይጋጠምም። ስለዚህ ኤምአርአይ ያሳየ ሰው ሐኪሙን መጠየቅ ያለበት «ተቀዷል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የት ላይ?» ብሎ ነው። ጥገናው ከተቀደደ የጉልበት የፊት ጅማት ቀዶ ሕክምና ጋር አብሮ ሲሆን የተሻለ ይድናል፤ አጥንቱ ሲበሳ ደም መገጣጠሚያው ውስጥ ስለሚፈስ ነው። ብቻውን ሲሰፋ አንዳንድ ሐኪሞች ከታካሚው ደም ወስደው የረጋውን ስፌቱ መካከል ይሸጉጡበታል። ከስፌት በኋላ ለ4 እና 6 ሳምንት ጉልበት ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም፤ ወደ ሜዳ መመለስ ከ4 እስከ 6 ወር ነው። አውጥቶ መጣል ፈጣን ነው፣ በወር ተኩል ያጫውታል። ሜኒስከሱ የወጣበት ጉልበት ግን ከዓመታት በኋላ እንደሚያረጅ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ይታወቃል።

ዲስክና የጆሮ ጫፍ

የወገብ ዲስክ ከሰውነታችን ደም አልባ ክፍሎች ትልቁ ነው። ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች በስርገት ይበላል፤ ሌሊት ውሃ ይጠጣል፣ ቀን ይጨመቃል፤ ጠዋት ከምሽት በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምንረዝመው ለዚህ ነው። ዲስክ «ተንሸራተተ» ሲባል መሃሉ ያለው ለስላሳ ነገር ቀዳዳ አግኝቶ ወጥቷል ማለት ነው። እዚህ ጋ ደም ወዳጅ ይሆናል። ከቤቱ የወጣው ቁራጭ ደም ወዳለበት አካባቢ ስለሚደርስ ጠራጊ ሕዋሳት ያገኙትና ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ትልቁ ቁራጭ ከትንሹ ይልቅ በደንብ የሚጠፋበት ጊዜም ብዙ ነው። አብዛኛው ወደ እግር የሚወርድ ሕመም በ6 እና 12 ሳምንት ውስጥ የሚቀልለው ያለ ቢላ ነው። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት አይመከርም። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ሲያቅት፣ ኮርቻ የሚያርፍበት ቦታ ሲደነዝዝ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ነው።

የጆሮ ለስላሳው ጫፍ ሲበሳ በ6 እና 8 ሳምንት ይሽራል፤ ደም አለው። አሁን መብሳት የተለመደው የላይኛው ክፍል ግን ካርቲሌጅ ነው፤ ከ6 ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። ጌጡን በሚተኩስ የጆሮ መብሻ መሣሪያ ሲበሳ ካርቲሌጁ ይሰነጠቃል። ከቀላ፣ ካበጠና ከጋለ በማር ወይም በአልኮል ማሸት ትርጉም የለውም፤ ብዙ ጊዜ ሱዶሞናስ ስለሆነ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ቶሎ ካልተጀመረ ጆሮው ቅርጹን ያጣል።

ደም ማጣት የሚሰጠው ዕድል

ኮርኒያ ደም ስለሌላት የሰውነት መከላከያ በቀላሉ አያያትም። ከሌላ ሰው ስትወሰድ የደም ዓይነት ማመሳሰል አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ የደም ሥር ያልገባበት ዓይን ላይ ከተተከሉት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በመጀመሪያው ዓመት ጥርት ብለው ይቆያሉ። የደም ሥር አስቀድሞ የገባበት ዓይን ላይ ግን ይህ ዕድል በጣም ይወርዳል፤ በዚያው መንገድ የመከላከያ ሕዋሳት ይገባሉና። የተተከለለት ሰው ዓይኑ ቢቀላ፣ ብርሃን ቢወጋው ወይም እይታው ቢደበዝዝ በ24 ሰዓት ውስጥ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው የተሳካ የሰው ኮርኒያ ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1905 በዛሬዋ ቼክ ኦሎሞውች ከተማ በሐኪም ኤድዋርድ ዚርም እጅ ነው። ታካሚው ኖራ ሁለቱንም ዓይኖቹን ያቃጠለው የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ከተተከሉለት አንዷ ጥርት ብላ ቀረች። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚያስፈልጉት 70 ኮርኒያዎች አንዷ ብቻ እንደምትገኝ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ዓለም አቀፍ ቆጠራ ያመለክታል። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያለው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚህ ነው። በዜና «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የምትወሰደው ይህች ግማሽ ሚሊ ሜትር መስተዋት ናት።

ልብና ኩላሊት ደም ከቆመ በደቂቃዎች ይበላሻሉ። ኮርኒያ ግን ሰው ካረፈ በኋላም ለሰዓታት ትኖራለች፤ በ6 ሰዓት ውስጥ መነሳቷ ይመረጣል፣ እስከ 12 ሰዓት ድረስም ይቻላል፣ ከዚያ በ4 ዲግሪ ሙቀት በልዩ ፈሳሽ እስከ 14 ቀን ትቆያለች። ዕድሜ መግፋትም፣ መነጽር ማድረግም ለመለገስ አይከለክሉም። ቃል የገባ ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ መጀመሪያ ለባንኩ ይደውል። ባለሙያው እስኪደርስ የሟቹን ራስ በትራስ ከፍ ማድረግ፣ ዓይኖቹን ከድኖ በንጹሕ ውሃ የራሰ ጥጥ ቆቡ ላይ ማኖር፣ ማራገቢያ ካለ ማጥፋት ነው፤ ነፋስ ያደርቃታል።